ኦፓልና መረግድ በመዶሻ ችሎት

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን የከፈታችሁ መልሳችሁ ዝጉት፤ የዛሬው ተረት ላም የለውም፣ በረትም የለውም። ያለው ድንጋይ ነው። ሁለት ድንጋይ። ድንጋይ ደግሞ ምን ያወራል የሚል ካለ በሩ ክፍት ነው፣ ይውጣ። ሃያ ዓመት ከብር ሠሪ ደጃፍ ተቀምጬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ፤ ለሚስቅብኝ አልደግምም።

ድሮ ነው። መዶሻ አፍ የነበረው ጊዜ። በአንድ የደጋ መንደር አያ ይማም የሚባል ብር አንጥረኛ ይኖር ነበር። በአያ ይማም ቤት መዶሻ አለቃ ነበር። ለምን አለቃ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ከሁሉ በላይ ስለሚጮህ ይመስለኛል። ሞረድ፣ ያ ባለ ጥርሱ የብረት ማለስለሻ፣ የመዶሻ ታዛዥ ነበር። ሚዛን ከጣሪያው ተንጠልጥላ ሁሉን ቁልቁል የምታይ ኩሩ ነበረች። ገንቦ ጥግ ላይ ውሃዋን ታቅፋ ሰው ስታማ ትውላለች። ጉጠት ደግሞ ያነሳል፣ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሌላ ሐሳብ የለውም።

አንድ ቀን እሜት ትርንጎ መጡ። እሜት ትርንጎ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው መሬታቸውን የሚቆፍሩ ሴት ናቸው። በመሐረብ የቋጠሩትን ፈቱ። አንዱ አረንጓዴ ድንጋይ ነው፤ መረግድ ይባላል፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከሩቅ አገር ነጋዴ የገዙት ነው። ሁለተኛዋ ገና በአፈር እንደተጠቀለለች ነው፤ ኦፓል ትባላለች፤ ከእርሻቸው ሥር ካለው ገደል ራሳቸው ቆፍረው ያወጧት ናት። ሁለቱም የባቄላ ፍሬ ያህላሉ።

«አያ ይማም፣ አንድ የብር ቀለበት ሥራልኝ» አሉ። «ከሁለቱ ለቀለበት የሚሻለውን አንተ ምረጥ። የቀረውን እንዳሻህ አድርገው።»

«እሺ እሜቴ፣ በሳምንቱ ይመለሱ» አለ አያ ይማም። ሁለቱንም በገብስ ፍሬ መዘናቸው። ኦፓል አሥር ገብስ ሆነች፣ መረግድ አሥራ አራት። ኦፓልን መልሶ በአፈሯ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ አስቀመጣት። ወዲያው ከጎረቤት መንደር መልእክተኛ መጣ፤ አክስቱ አርፋ ኖሯል። አያ ይማም ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጬ እመለሳለሁ» ብሎ በሩን ቆልፎ ሄደ።

እንግዲህ ይሄን ልብ በሉ። በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበር። ከጌጥ ተርፎ የቀረ ድንጋይ መዶሻ ሥር ይገባል፤ ይደቅቃል፤ ዱቄቱ የብር ማወልወያ ይሆናል። ስንት ድንጋይ እንዲያ ሆኖ እንደቀረ መዶሻ ራሱ አያስታውስም።

በሩ እንደተዘጋ መዶሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታችን ከለቅሶ ደክሞት ነው የሚመለሰው። እኛ ፈርደን እንጠብቀው። ሦስት ቀን አለን፤ ሦስት ፈተና እንፈትናቸዋለን። ያሸነፈ ቀለበት ላይ ይወጣል። የተሸነፈ እኔ ሥር ይገባል።»

«ፍርድ ነው» አለ ሞረድ።

«ፍርድ ነው» አለች ሚዛን።

«ላንሳ?» አለ ጉጠት።

«መጀመሪያ ይታጠቡ» አለ መዶሻ። «ችሎት የሚቀርብ ታጥቦ ይቀርባል።»

ይሄኔ ከአፈሩ ውስጥ አንዲት እንሽላሊት ብቅ አለች። በገደሉ ስንጥቅ ከኦፓል ጋር ጎረቤት ሆና ያደገች ናት፤ አፈሩ ሲቋጠር አብራ ተቋጥራ የመጣች።

«እኔ የምለው አለኝ» አለች። «የእኛ ገደል ድንጋይ እንደተቆፈረ አይታጠብም፣ ፀሐይም አያይም። በአፈሩ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ቀስ እያለ ይደርቃል። የአገሬ ቆፋሪዎች እንዲያ ነው የሚያደርጉት።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ መዶሻ።

ጉጠት አነሳ። የኦፓል አፈር ሲራገፍ አንዴ ብቻ ቀይ፣ ደግሞ አረንጓዴ፣ ደግሞ ሰማያዊ እሳት በቤቱ ውስጥ ብልጭ አለ። ሚዛን ሳታስበው ዘንበል አለች፤ ወዲያው ግን ራሷን አስተካከለች። ከዚያ ሁለቱም ገንቦ ውስጥ ገቡና ቆይተው ወጡ።

መረግድ ሲወጣ እንደገባ ነው፤ አረንጓዴው ይበልጥ ደምቋል። ኦፓል ግን ስትወጣ ቀዩም የለ፣ ሰማያዊውም የለ። ወዲያ ማዶ ያለው ነገር በሆዷ በኩል ይታያል።

መረግድ ከት ብሎ ሳቀ። «ብርጭቆ ናት እንዴ? ከብርጭቆ ጋር ነው ያቆማችሁኝ? እኔን ተመልከቱ። ሰው ሳይጠርበኝ በስድስት ጎን ተወልጃለሁ። አንቺ ጎንሽ የቱ ነው? ጀርባሽስ የቱ ነው?»

«ጎን የለኝም» አለች ኦፓል። «የገደል ስንጥቅ ሞልቼ ነው ያደግኩት፤ የስንጥቁን ቅርጽ ይዤ ወጣሁ። እና ምን ይጠበስ?»

በመዶሻ ቤት እንዲህ ብሎ የመለሰ ድንጋይ ታይቶ አያውቅም። ሞረድ ጥርሱን አፋጨ።

በመጀመሪያው ቀን ፈታኙ ሞረድ ነበር። መረግድ ላይ ወጥቶ ወረደ፤ ሲጥ ሲጥ አለ እንጂ የጭረት ምልክት እንኳ አላገኘም። እንዲያውም የራሱ ሁለት ጥርስ ደነዘዘ። ወደ ኦፓል ዞረና አንዴ ሳብ ሲያደርግባት እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ትከሻዋ ላይ ቀረ።

«ተቧጨረች» አለ ሞረድ።

«ለስላሳ ናት» አለ መዶሻ። «ተሸንፋለች። አሁን ማሩኝ በይ።»

ኦፓል ጭረቷን አየች። አሟታል።

«ለስላሳ ነኝ» አለች። «ከመረግድ እለሰልሳለሁ፤ አልዋሸሁም፣ አልክድም። እና ምን ይጠበስ? የቧጨራችሁኝ እናንተ፣ ምሕረት የምለምነው እኔ?»

«ፍርድ ነው» አለ ሞረድ። «ፍርድ ነው» አለች ሚዛን። «ላንሳ?» አለ ጉጠት፤ አነሳና መልሶ ጥላ ውስጥ አኖራት።

ሁለተኛው ቀን የሚዛን ነበር። ሚዛን በዚያን ቀን እንዴት እንደኮራች ብታዩ! መረግድን በአንድ እጇ ያዘች፣ በሌላው ገብስ። አሥራ አራት። «እንደመጣው ነው» አለች፤ «ጨዋ ድንጋይ።» ኦፓልን ያዘች። አንድ ገብስ፣ ሁለት ገብስ፣ አሥር ገብስ። እጇ አልተስተካከለም። አንድ ጨመረች። አሥራ አንድ።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች ሚዛን። «አሥር ሆና ገባች፣ ዛሬ አሥራ አንድ ናት! የማንን ነው የወሰደችው?»

«የእኔን ነዋ» አለች ገንቦ ከጥግ። «ውሃዬ ጎሎብኛል። ከትናንት ጀምሮ ሆዴ ቀለል ሲለኝ አንድ ነገር አለ ብዬ ነበር፤ ማን ሊሰማኝ።»

መዶሻ ደስ አለው። አለቃ ነኝ ባይ ሁሉ የሚወነጅለው ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ በእኛም መንደር አይቻለሁ።

«ምን ትመልሻለሽ?» አለ።

«ጠጥቻለሁ» አለች ኦፓል። «ውስጤ ዓይን የማያየው ክፍተት አለ። ውሃ ሲያገኝ ይሞላል። አትንከሯት ተብላችኋል፤ የነከራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ደግሞ ሰርቄ አልደበቅኩም። ስደርቅ ጠብታ ሳላስቀር እመልሳለሁ።»

«ጠጥቶ የመለሰ አላየሁም» አለች ገንቦ።

«እኔ ዘንድ ውሃ አይገባም» አለ መረግድ። «ውስጤ ምንም አይገባም። ዛሬም አሥራ አራት፣ የዛሬ መቶ ዓመትም አሥራ አራት።» ይህን ሲል ግን ድምፁ ትንሽ ቀጠን አለ። እንሽላሊት ብቻ ናት ያስተዋለችው።

«ቀላል ናት፣ ሌባም ናት» አለ መዶሻ። «ሁለተኛ ተሸነፈች።»

«ከመረግድ እቀላለሁ። እሱ እውነት ነው» አለች ኦፓል። «ሌባ ያልከኝን ግን መልሰህ ዋጠው።»

«ፍርድ ነው» አለ ሞረድ። ሚዛን በዚህ ጊዜ ዘግየት ብላ ነው «ፍርድ ነው» ያለችው። ጉጠት አነሳ፣ አኖረ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል እንሽላሊት ወደ ኦፓል ተጠጋች።

«እሳትሽ የት ገባ?» አለቻት። «ገደሉ ውስጥ ሆነን ቆፋሪዎቹ ብርሃን ሲያስገቡ አይቼሻለሁ። ያ ሁሉ ቀለም የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ውስጤ ትንንሽ ኳሶች ሞልተዋል፤ ከእነሱ ጋር ሲተያይ ጤፍ ተራራ ነው። በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ብርሃን በመሃላቸው ሲያልፍ ይከፋፈላል፤ በዚህ በኩል ቀይ፣ በዚያ በኩል አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። አሁን ክፍተቱን ውሃ ሞላው። ብርሃኑ የሚያቆመው ሳያገኝ ዝም ብሎ ያልፋል።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ።»

«የቆፋሪዎቹን ልማድ ስትነግሪያቸው ሰምተውሻል?»

እንሽላሊት ቀና ብላ መዶሻን አየችው። «አልፈራሽም?» አለቻት።

«ፈርቻለሁ» አለች ኦፓል። «እሱ መዶሻ በመደርደሪያው ላይ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሊወድቅብኝ ነው እላለሁ። ዱቄት መሆን አልፈልግም።»

«እንግዲያው ለምኚና ዳኚ። ትንሽ ብታለቅሺለት ይወዳል።»

«አላለቅስለትም። የሌለብኝን ጥፋት አምኜ ብድን፣ የምትድነው እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ድንጋይ ናት» አለች ኦፓል።

ሦስተኛው ቀን ነጋ። የዚያን ቀን ፈታኝ ፀሐይ ነበረች። ኦፓል ውሃውን ለአየሩ እየመለሰች ነው፤ ግማሹ ወጥቷል፣ ግማሹ አለ። ስለዚህ ብርጭቆነቷ ቀርቶ ነጭ ጭጋግ ለብሳለች።

«ዛሬ ደግሞ እርጎ ሆናለች!» አለ መረግድ። ሞረድም ሳቀ፣ ገንቦም ሳቀች። ጉጠት ለምን እንደሚሳቅ አልገባውም።

መረግድን ወስደው የመስኮቱ ብረት ላይ አኖሩት። ፀሐይ ስታገኘው፣ እውነት ለመናገር፣ ልብ የሚሰርቅ ድንጋይ ነው። ብርሃን ሆዱ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ተከፍሎ ይሄዳል። በአንድ ጎኑ ሲያዩት አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ በሌላ ጎኑ ሲያዩት ወደ ቢጫ። አንድ ድንጋይ፣ ሁለት አረንጓዴ። ኦፓልም ከጥላዋ ሆና አየችውና «ያምራል» አለች፤ ያማረውን ያምራል ማለት አይከብዳትም።

ጊዜው ወደ ቀትር ሄደ። የመስኮቱ ብረት ጋለ። ከመረግድ ጎን አንዲት ጠብታ ወጣች። ቀጥሎ ሌላ።

«አላበው እንዴ?» አለች ሚዛን።

እንሽላሊት በግድግዳው ወጥታ አሸተተች። «ዘይት ነው» አለች።

ዘይቱ በወጣ ቁጥር በመረግድ ሆድ ውስጥ ስንጥቅ መታየት ጀመረ። እንደ ዛፍ ሥር የተዘረጋ ስንጥቅ፤ ከላይ እስከ ታች። ዘይቱ ሞልቶት ሳለ ማንም አላየውም ነበር። መረግድ የሚገባበት ጠፋው።

«ነጋዴው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስንጥቄ እንዳይታይ ዘይት አጠጣኝ። እኔ አጠጡኝ አላልኩም። አንዴ ከጠጣሁ በኋላ ግን መናገር አፈርኩ።»

«አጭበርባሪ» አለ መዶሻ። ወደ ኦፓል ዞረ። «አሁን የአንቺ ተራ ነው። ውጪና ፀሐይ ላይ ድረቂ። አለኝ የምትዪው ቀለም ካለ በአንድ ሰዓት ውስጥ እናየዋለን። ጉጠት!»

«ላንሳ?» አለ ጉጠት።

ከሁሉ ይልቅ እሳቷን ልታሳያቸው የምትፈልገው ኦፓል መሆኗን አትርሱ። ፀሐይዋ ደግሞ እዚያ ናት፣ ሁለት ክንድ ወዲያ።

«አልወጣም» አለች ኦፓል።

«ምን አልሽ?»

«አልወጣም አልኩህ። ገና እርጥብ ነኝ። እርጥብ ሆኜ የቀትር ፀሐይ ከመታኝ እሰነጠቃለሁ። የምደርቀው በእኔ ልክ ነው፤ በጥላ፣ ቀስ ብዬ። አንተ ስለቸኮልክ አልፈነዳልህም።»

«ጉጠት፣ አንሳት!»

ጉጠት አፉን ከፍቶ መጣ።

«ጉጠት» አለችው ኦፓል፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ላንሳ ስትል ሰማሁህ። አንድም ቀን ለምን ብለህ አልጠየቅክም። እንግዲህ ዛሬ እወቀው፤ አንስተህ እዚያ ካኖርከኝ እሰበራለሁ። አውቀህ አንሳ።»

ጉጠት ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ቆመ። ስለ ምንም ነገር አስቦ ስለማያውቅ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። በመጨረሻ አፉን ገጠመ።

«አላነሳም» አለ።

መዶሻ መደርደሪያው ላይ ዘለለ። «እንግዲያው ሁለቱም ይደቅቃሉ! አንዱ አጭበርባሪ፣ አንዷ አመፀኛ! ፍርድ ነው!»

«ፍርድ...» ብሎ ጀመረ ሞረድ።

«ቆይ አንተ» አለች ኦፓል። «ሁለት ጥርስህን ያደነዘዘው ማን ነው?»

«መረግድ» አለ ሞረድ።

«ስንጥቁ ስለታየ ጥርስህ ተመልሶ ተሳለ?»

«አልተሳለም።»

«እንግዲያው መረግድ ትናንት ጠንካራ ከነበረ ዛሬም ጠንካራ ነው። ብርጭቆ ብሎ ሰድቦኛል፣ እርጎ ብሎ ሰድቦኛል፤ ስላልወደድኩት ግን ውሸት አልመሰክርበትም። አንተም አትመስክር።»

ሞረድ የጀመረውን «ፍርድ ነው» ሳይጨርስ ተወው። ሚዛንም አልደገመችለትም። ኦፓል ወደ መዶሻ ቀና አለች።

«አንተ ደግሞ ስማኝ። ጭረት ለካችሁ፣ ተሸነፍኩ። ክብደት ለካችሁ፣ ተሸነፍኩ። የእኔን እሳት የሚለካ ግን በዚህ ቤት የለም፤ ሞረድ አይደለም፣ ሚዛን አይደለችም፣ አንተማ ጭራሽ። መለኪያ ስላጣህ ባዶ ነሽ አትበለኝ። ልትወድቅብኝ ከሆነ ውደቅ። ዱቄቴም ማሩኝ አይልህም።»

መዶሻ ከዚህ በላይ አልቻለም። ከባድ ነውና በመደርደሪያው ላይ ከቀትር እስከ አመሻሽ ጥቂት በጥቂት እየተንፏቀቀ ጫፍ ደረሰ። ከታች በትክክል ኦፓል አለች። ራሱን ወደፊት ሲያዘነብል በሩ ላይ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። አያ ይማም ገባ። መዶሻ ባለበት ደርቆ ቀረ።

ቀኑ ወደ አመሻሹ ሄዷል። በተከፈተው በር የገባው የጀንበር ብርሃን ወለሉን ተሻግሮ ጥላው ድረስ ሄደና ኦፓልን አገኛት። ጭጋጉ ተገፎላት ነበር። ቀይ ወጣ። አረንጓዴ ወጣ። ሰማያዊ ወጣ። አያ ይማም ራሱን ሲያዘነብል ቀዩ ብርቱካን ሆነ፣ አረንጓዴው ቦታ ለወጠ። ሚዛን ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። ገንቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታማው አጣች።

«አይ እናንተ አይጦች» አለ አያ ይማም፤ ዕቃው ስለተነካካ አይጥ መስሎታል። መረግድን ከመስኮቱ አንስቶ በእጁ አገላበጠው። ስንጥቁን አየ፤ አልገረመውም። «ስንጥቅ የሌለው መረግድ የት ይገኛል» አለ ለራሱ። «ጠንካራ ነው። እሜት ትርንጎ ጣታቸው ዶማ ይይዛል፤ ለጣት የሚሆነው ይሄ ነው።»

መረግድ ቀለበት ላይ ወጣ ማለት ነው። ሞረድ አንገቱን ደፋ። መዶሻ ግን በደስታ ሊዘፍን ምንም አልቀረውም። የቤቱን ልማድ ታውቃላችሁ፤ ከቀለበት የተረፈ የእሱ ነው።

አያ ይማም በግራ እጁ ኦፓልን አነሳ። በቀኝ እጁ መዶሻን አነሳ። ከምድጃው ሥር ሆኖ እሳት የሚያራግበው ወናፍ እንኳ ትንፋሹን ያዘ። ኦፓል ዓይኗን አልጨፈነችም።

አያ ይማም መዶሻን ሳጥን ውስጥ ከተተና ክዳኑን ዘጋበት።

ሞረድንም አንስቶ ከግድግዳው ላይ ሰቀለው። ገንቦን እንዳትረጭ ከሥራው ቦታ አራቃት። ከዚያ ቀጭን የብር ቅጠል አወጣ፤ ጫፉ የለሰለሰ የወይራ እንጨትም አወጣ። ብሩን በኦፓል ዙሪያ በእንጨቱ እየገፋ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር እየተጫነ፣ ትንፋሹን ውጦ አቀፋት።

«ለዚች መዶሻ አይነሳም» አለ። «ይቺ ለአንገት ናት።»

በሳምንቱ እሜት ትርንጎ መጡ። መረግድን ጣታቸው ላይ አደረጉ፤ ኦፓልን አንገታቸው ላይ። «ሁለት አላዘዝኩህም» አሉት። «የቀረውን እንዳሻህ ብለውኛል» አላቸው። በበሩ ሲወጡ መረግድ ከጣት ወደ አንገት ቀና ብሎ፣ «ዘይቱን መልሼ ልጠጣ ይሆን?» አላት። «እሱን አንተ ታውቃለህ» አለችው ኦፓል፤ «ቢያጠጡህም ስንጥቅ የለኝም ብለህ ሌላውን እንዳትሰድብ።» እሜት ትርንጎም ዝናብ በመጣ ቁጥር ኦፓልን ሸማቸው ሥር ይሸሽጓታል። አንዳንዴ ቢያመልጣቸውና ብትረጥብ እሳቷ ይጠፋል፤ ያኔ አይደነግጡም፣ ጥላ ውስጥ ያኖሯትና ይጠብቃሉ።

ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያንኳኳል ይባላል። የሚከፍትለት ግን አልተገኘም።

እንግዲህ ያመጣሁላችሁ ይሄን ነው። መለኪያ ያልተሠራለት ነገር ሁሉ የሌለ አይደለም፤ መለኪያው ነው ገና ያልተሠራው። እስኪሠራ ድረስ አንገትን ቀና አድርጎ በጥላ መቆየት ነው። ተረቴን አትመልሱልኝ፣ ቁጭ ብላችሁ ያዙት። ዳቦ ያመጣ ካለ ግን አልጠላም።